ለጭላዳዎቹ የጮኽኩት

…እና አንተ በዚያ ጉም ውስጥ ቆመህ፣ የረጠበ ጋቢህ ትከሻህ ላይ እንደ ድንጋይ ተጭኖህ፣ «እጄን ዘርግቼ የገዛ ጣቴን አላየውም» ስትለኝ የሳቅኩት አነጋገርህ አስቆኝ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነው። ጉሙ ወፍራም ስለነበረ።

ውድ ምስጋኑ፤

ከመሐል ጀመርኩብህ። መጀመሪያውን ስፈልግ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ያ ጠዋት ነው። አጫጭር አድርጌ እጽፍልሃለሁ፤ ቀስ እያልክ እንደምታነብ አውቃለሁ። በመሠረተ ትምህርቱ ዳስ ከሁሉም ኋላ ተቀምጠህ እያንዳንዷን ቃል እንደ ጥሬ ስትቆረጥም፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ የምጠብቅህ እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ ጨርሰው ይሄዳሉ። አንተ አንድ መስመር ይቀርሃል። ያቺን መስመር ሆን ብለህ እንደምታስቀራት የነገርከኝ ከተጋባን በኋላ ነው።

ዛሬ መስቀል ነው። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። ብርሃኑ በትከሻዬ አልፎ ወረቀቱ ላይ ይወድቃል። ቤታችን እንደምታውቀው መስኮት የለውም። እናወጣለን ስንል ክረምቱ ገባ።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ አንተ ወጣህ።

የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሻዬ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ከሚሄዱት አንዱ አንተ እንደሆንክ የተናገረ ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ከገብሳችን ማዶ ያለው ገደል ውስጥ ወዳለችው ዋሻ ገባህ። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ «ቆቦ ለቀን ሥራ ወርዷል» አልኩ። አፌ ውሸቱን ቶሎ ለመደው። ከዚያ ወንጭፍህን አንሥቼ እርሻው ዳር ያለችው የድንጋይ መጠለያ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ገብስ ጠባቂ ሆንኩ። ከዚያ ሆኜ ሳይ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ የዋሻው አፍ ልክ እንደ ተከፈተ ዓይን ያየኛል። አሸተን ማርያም ከበላያችን፣ ላሊበላ ከታች። በመሐል ጉም።

መጀመሪያ ያስፈሩኝ ጭላዳዎቹ ናቸው። ዋሻዋ የእነሱ የዝናብ ማምለጫ ነበረች ለካ። አንተ ስትገባባቸው ገደሉ አፍ ላይ ተሰልፈው ጮኹ፣ ጮኹ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሽቅብ የሚያይ መሰለኝ። ማንም አላየም። ጭላዳ ሁልጊዜ ይጮሃል። ቀናት ካለፉ በኋላ ለመዱህ፤ ከዋሻው ፈንጠር ብለው መዋል ጀመሩ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። እነሱ ረጋ ብለው ቁጭ እንዳሉ፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው እየነጩ ከበሉ፣ ወደ አንተ የመጣ እንግዳ ሰው የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሰማዩን ትቼ እነሱን ማየት ያዝኩ። ቀኑን ሙሉ። ግልገሏን ጀርባዋ ላይ ጭና የምትዞር አንዲት ጆሮዋ የተቆረጠ ነበረች። «ግማሽ ጆሮ» አልኳት። ዝናቡ ሲበረታ ግልገሏን ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ጋ ለጥፋ፣ ጀርባዋን ለዝናቡ ሰጥታ ትቀመጣለች። አንዳንዴ ከእኔ ይልቅ እሷ ለአንተ ትቀርባለች ብዬ እቀናባት ነበር። ይህን ነግሬህ አላውቅም።

ጩኸቱ የመጣው ከዚያ ነው። ገብስ የሚጠብቅ ሰው ምንም ብሎ ቢጮህ ጠያቂ የለበትም። አንዱ ይሳደባል፤ አንዱ ያስፈራራል። ከእኛ አዋሳኝ እርሻ የሚጠብቁት ሽማግሌው ጎረቤታችን አያ አረጋ ደግሞ በማርያም ስም ይለምኗቸዋል። እኔም ጮኽኩ።

«አንተ ባለ ጎፈር! ዛሬ ከቦታህ እንዳትነቃነቅ! ሰዎች ሽቅብ እየወጡ ነው!»

«ባለ ጎፈር! ዳቦህ ከቋጥኙ ሥር ነው!»

አያ አረጋ ከማዶ መለሱልኝ።

«ደብሪቱ! ለጭላዳም ዳቦ ይጋገራል?»

«ገብሴን ከሚጨርሱብኝ ብዬ ነው እኮ፣ አያ አረጋ!»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እኔንም ባለ ጎፈር በይኝ!»

ራሳቸው ላይ አንዲት ጠጉር እንደሌለ ታውቃለህ። ከገደሉ ውስጥ ሳቅህን የሰማሁ መሰለኝ። ምናልባት ውሃ ነው። በክረምት ገደሉ ሁሉ ይስቃል።

በመንደሩ «ደብሪቱ ጭላዳ አገባች» ተባለ። ይባል። ቀን ሙሉ ባሏን የምታናግር ሴት በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ማን ነበረች? ብቻ መልስ አልነበረም። ስጮህ ውዬ ቤት ስገባ ድምፄ አልቆ፣ ለመከታ «ና፣ ብላ» ለማለት እንኳ ያንሰኝ ነበር። ውሻህ ናፍቀኸው ከስቷል። ጋሻዬ በደጃችን ባለፈ ቁጥር ከኪሱ ቁራሽ እያወጣ ይወረውርለታል። በመጀመሪያ ይጮህበት ነበር። አሁን ጅራቱን ይቆላለታል። በዚህ ምድር ከአንተ ሌላ የማይጮህበት ሰው እሱ ብቻ ሆነ።

ሰው ሁሉ ክረምቱ እስኪወጣ ቀን ይቆጥራል። ድርቁ ካለፈ ወዲህ ዝናብን የሚጠላ ባይኖርም፣ ጭቃው፣ ብርዱ፣ የረጠበው እንጨት ያማርራል። እኔ ግን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ጉሙን ነው። አለ? አለ። ጋጋኖዎቹ በጉሙ ውስጥ እየጮሁ ያልፋሉ፤ ድምፃቸው እንጂ ክንፋቸው አይታይም። እንዲህ ባለው ጠዋት ነበር አንተም ወደ ቤት የምትመጣው። እርጥብ ሆነህ። ጢስ ጢስ እየሸተትክ፣ ትንሽም ጭላዳ ጭላዳ። እሳት ዳር ትቀመጥና አትናገርም። እኔም አልናገርም። ሸለቆ አሻግሬ ስጮኽልህ የሚመጣልኝ ቃል፣ ጉልበትህ ጉልበቴን ሲነካው ይጠፋብኛል። ልልህ የምፈልገው ይህ ክረምት አይውጣ የሚል ነበር። ያፈርኩት ለዚህ ነው። እህል ያለ ፀሐይ አይበስልም።

ከዚያ ጳጉሜን መጣች፤ ሩፋኤል።

የዚያን ዕለት ዝናብ ማንም አያመልጠውም። ሁሉም ከቤቱ ወጥቶ ራሱን ይሰጣል። እኔም ከመጠለያዬ ወጥቼ ፀጉሬን ፈታሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ቀና ስል ጉሙ፣ አንድ ሰው በእጁ እንደ ገለጠው፣ ለአፍታ ተከፈተ። አየሁህ። ዋሻው አፍ ላይ፣ እናትህ እንደ ወለደችህ ቆመህ፣ እጆችህን ወደ ላይ ዘርግተህ የሩፋኤልን ዝናብ ትታጠባለህ። ነጭ ጥርስህ ሁሉ የታየኝ መሰለኝ። ግማሽ ጆሮ ከአጠገብህ ቋጥኝ ላይ ተቀምጣ ታይሃለች።

ሳቅኩ።

ከዚያ ሳቁ አፌ ውስጥ ቀረ። እኔ ካየሁህ…

አልወቅስህም። ከልጅነትህ ጀምሮ ያን ዝናብ ሳትታጠብ የቀረህበት ዓመት የለም። የሚሸሸግ ሰው እንደሆንክ ለአንድ አፍታ ረሳህ። እኔም ብሆን እረሳ ነበር።

ጉሙ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ግን ቀን በቀን ሳሳ። እንዳረጀ ልብስ፣ መጀመሪያ ከክርኑ፣ ከዚያ ከትከሻው። መስከረም ጠባ። እርሻው ዳር አደይ አበባ ወጣ፤ ቢጫው ድንበሩን ሁሉ ሞላው። የመስቀል ወፍ ገብሱ ላይ አረፈች። ከየት እንደምትመጣ፣ ዓመቱን ሙሉ የት እንደምትከርም የሚያውቅ የለም። ለአያ አረጋ ይህን ስላቸው «እሷስ ታድላለች፤ የት ከረምሽ ብሎ የሚይዛት የለ» አሉኝ። ዓይናቸው ግን ወፏ ላይ አልነበረም፤ ገደሉ ላይ ነበር። ያኔም አልገባኝም። ሰማዩ ጠራ። ገደሉ እያንዳንዱ ስንጥቁ፣ እያንዳንዱ ሣሩ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከሩቅ፣ አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ጥላው ሲሄድ እንኳ ድንጋዩ ላይ ይታያል። ሰው «ተመስገን» ይላል። እኔ ወንጭፌን ጨብጬ እቀመጣለሁ።

ጋሻዬ ወደ መጠለያዬ የመጣው እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። ብቻውን፤ በትሩን ብቻ ይዞ። አጠገቤ ቆሞ ማዶ ማዶውን አየ።

«ደብሪቱ፣ ዘንድሮ ጭላዳዎችሽ ገላቸውን ይታጠባሉ አሉ።»

«ማን አለ፣ ጓድ ሊቀ መንበር?»

«ዓይኔ።»

ከገብሱ አንድ ዛላ ቆረጠ፣ በመዳፉ አሸው፣ እፍ ብሎ ቃመው። «አሽቷል» አለ። ከዚያ ጠመንጃ የያዙትን ሊጠራ ቁልቁል ወረደ። አልቸኮለም።

ተነሣሁ። ሰምተኸኝ እንደሆነ አላውቅም። «ባለ ጎፈር! ሂድ! አሁኑኑ ሂድ! ገደሉን ልቀቅ!» ድምፄ ተሰበረ። ለሁለተኛ ጊዜ ስሞክር ትንፋሽ ብቻ ወጣኝ። ጭላዳዎቹ እንኳ መንጨታቸውን አቁመው አዩኝ።

ያን ጊዜ ከማዶ አያ አረጋ ተነሡ። በትራቸውን ተደግፈው። እኚያ በማርያም የሚለምኑት ሰው።

«ሂድ አንተ!» አሉ፤ ድምፃቸው ገደሉን መትቶ ተመለሰ። «ሚስትህ ሂድ ስትልህ አትሰማም? ምን ትጠብቃለህ? ሂድ!»

ክረምቱን ሙሉ ያውቁ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ማዶ ሳይ ግማሽ ጆሮ ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጣ የግልገሏን ጠጉር ትፈትሻለች። ሌሎቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ቤታቸው ነው። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ጠመንጃ የያዙት ገደሉን ጥሰው ሲደርሱ ያገኙት የሣር መኝታህን ብቻ ነው። ጋቢህን ይዘህ ሄደሃል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኛልም። ብቻ ያን ቀን ሙሉ አንዲት ጊዜ እንኳ አልጮኽኩም፤ ጭላዳዎቹ ወርደው ከገብሱ ዳር በሉ፤ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ለማን ብዬ ልጩህ?

ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ። ወዴት እንደምትሄድ ግን አላልኩህም።

ዛሬ ንጋት ላይ ደመራው ዘንድ ሄድኩ። የመንደራችንን ልማድ ታውቃለህ፤ ቤቱ ያለ ወንድ ሁሉ ችቦውን ያኖራል፤ አገር ለቆ የወረደ ግን እዚያው ባለበት ይለኩሳል፣ እዚህ አይኖርለትም። እጄን ሳየው ችቦህን ይዣለሁ። ትናንት ስለ ሌላ እያሰብኩ አስሬው ኖሯል። ያውም በአንተ አስተሳሰር፣ ሦስት ቦታ። ጋሻዬ ቀድሞኝ አይቶታል።

«ቆቦ ያለ ሰው ቆቦ ይለኩሳል» አለ፤ ሰው እየሰማ። «ይሄ የማን ነው?»

ችቦውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«የእኔ ነው» አሉ አያ አረጋ። «ወገቤን አሞኝ ለምኛት አሰረችልኝ።»

«በእጅዎ የያዙትስ፣ አያ አረጋ?»

«ይሄማ ያንተ ነው፤ ሊቀ መንበር ሆነህ ባዶ እጅህን ደመራ ትመጣለህ?»

ሰዉ ሳቀ። ጋሻዬም ሳቀ፤ ችቦውንም ተቀበለ። አመዱን ግንባሬ ላይ ስቀባ ግን ከኋላዬ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ለመስቀል ከቤቱ የሚቀር ወንድ አላየሁም። ጠላሽን ልቀምስ ብቅ እላለሁ፤ በሩን ክፍት አድርጊው» አለኝ።

በሩ ክፍት ነው። ለእሱ አይደለም። ለብርሃኑ ነው፤ ለአንተ እንድጽፍበት።

ና እንዳልልህ እፈራለሁ። አትምጣ እንዳልልህ ከዚህ በላይ እፈራለሁ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ከላሊበላ መንገድ ጀምሮ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ይታያል። ይህን ወረቀት ዋሻው ውስጥ በድንጋይ እጭነዋለሁ። ግማሽ ጆሮ ካልበላችው፣ የሚቀጥለው ጉም ሲወርድ ታገኘዋለህ። ቀስ ብለህ አንብበው። የመጨረሻዋን መስመር አስቀርልኝ። ገብሱን እኔ እጠብቃለሁ።

ደብሪቱ

ጭላዳዎቹ ጮኹ። አሁን፤ ገደሉ ላይ ያሉት ሁሉ። ቆዩና ዝም አሉ።

ደጃፍ ላይ ጭቃ ከእግሩ የሚያራግፍ ሰው አለ። መከታ አልጮኸም። ጅራቱ ግድግዳውን ሲመታ ይሰማኛል።

አልዞርኩም። ብርሃኑ ከወረቀቱ ላይ እየጠበበ ነው

በሩ ተዘጋ።