አባየ ሉተርን ሲያጠኑ

ኅዳር 6
ባጃጅ አጣሁ፤ በእግሬ ሄድሁ። «የምዕራባውያን ሃይማኖቶች ታሪክ» ተጀመረ። መምህር አማኑኤል ስላይድ ያነባሉ፣ እኛ እንገለብጣለን… ለአባየ ምን ልበላቸው? የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ልጅ የሉተርን ታሪክ ስታጠና!

ኅዳር 7
አባየ ደብተሬን አገኙት። «ይኼ ከሃይማኖት የሚያወጣሽ ከሆነ፣ እኔ ከዩኒቨርሲቲ አወጣሻለሁ!»
ታሪክ እኮ ነው አባየ።
«መርዝም ታሪክ አለው።»
በስንት ልመና ተስማማን። የተማርሁትን በየቀኑ በቃሌ ልወጣላቸው። ልክ እንደ ዜማ ቤት ተማሪ። ስሕተቱን ነቅሰው ሊያወጡ ነው አሉ።

ኅዳር 16
ጉድ ነው! እኔ ስሳሳት አባየ አረሙኝ። አንዴ የሰሙትን! መምህር አማኑኤል ያለ ስላይድ የሉተርን ስም እንኳ አይጠሩም።
«ምሕረት በገንዘብ አይሸጥም» የምትለዋን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።
«ማን አላት?»
ሉተር።
«ከሃዲ ነው። ግን ይቺን ከአባቶች ሰምቶ ይሆናል።»

ኅዳር 21
ንግሥ ነበር። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ምናሴ ማይኩን አልለቅ አሉ። «ይቺን ጃንጥላ በሃምሳ ሺህ! የገዛት ስሙ በሰማይ ተጻፈ! ማነው የሚጨምር?»
የአባየ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መሰለኝ። ጠጋ ብል… «ምሕረት በገንዘብ አይሸጥም»፤ የእኔ ጥናት!

ኅዳር 25
«ያ ሉተር የምሕረትን ሽያጭ የተቃወመበትን ወረቀት የት ለጠፈው አልሽኝ?»
የቤተ ክርስቲያን በር ላይ።
«በምን?»
በሚስማር ይባላል…
ምን አስቀባጠረኝ? የደብሩ አገልግሎት እንጀራችን እኮ ነው! ቢያባርሯቸው የት እንገባለን?

ኅዳር 30
መዶሻው ከቦታው የለም።

ታኅሣሥ 3
የበዓታ ዕለት። እየሮጥሁ ደረስሁ። የአባየ ወረቀት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አለ፤ በግእዝ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም። ምሕረት አይሸጥም ይላል። አለቀልን አልሁ።
አቶ ምናሴ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ግእዝ ከየት ያውቃሉ! «መሪጌታ፣ እንዴት ያለ ጽሕፈት ነው!» ማኅተም አስመቱበት። ቄሰ ገበዙ ግን አነበቡት… ሳል ያዛቸው፣ ገቡ። ሕዝቡ በሩን ሲሳለም ወረቀቱንም እየሳመ ያልፋል። በነጠላዬ አፌን ይዤ ሳቅሁ።
በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ አባየ ጠየቁኝ።
«የዚያን ሰውየ ወረቀት ምን አደረጉት?»
ተጣሉበት። አገር ተከፈለበት።
«የእኔን ሳያነቡ ሳሙት» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። ሳቄ ጠፋ፤ አንጀቴን በሉት።
ትንሽ ሄደን ቆሙ።
«ነገ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ሚስማሩን አንቺ ትይዥልኛለሽ።»
ፈራሁ። እሺ አልሁ።