የማን ልጅ ነሽ ሲሏት

ጉለሌ፣ ጥር 18 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለአቶ ታረቀኝ
አሰብ

የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎህ ከረመ? እኛን ውርጩ ፈጅቶናል። የጓሮዬን ጎመን አቃጥሎ ጨረሰው፤ የቦኖውም ውሃ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ካልነካው አልወርድም ብሏል። እኔ ደህና ነኝ። የቁስቋምን ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ይነዘንዘኛል እንጂ ሌላ የምከስሰው ነገር የለኝም። ያንተን ሁኔታ ሹፌሩ ዓምሃ ነግሮኛል። «ከስተዋል» ሲለኝ «ድሮስ መቼ ወፍሮ ያውቃል?» አልኩት። ሳቀና «ዓሣ አይወዱም፣ ታዲያ እዚያ ምን ይብሉ?» አለኝ። እባክህ ዓሣውን ልመድ።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። ዓምሃ ነገ ስለሚወርድ በእጄ አደርሰዋለሁ ብሎኛል። ብቻህን ሆነህ አንብበው። የማታ ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ የተውኩ ሰው ነኝና ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ያቺ ሁለት መስመር ደብዳቤህ ደርሳኛለች። «ብርቅነሽ ባሌ እንዳትሄድ። ታማለች ብለሽ ለመምህሯ ንገሪ» ትላለች። ለምን እንደሆነ አልጻፍክም። እኔም አባት ነው፣ ይሰጋል፤ አገሩ ሩቅ ነው፣ ብርድ ነው፣ በቅርቡም ግርግር ነበረበት ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ለልጅቷ ግን ልነግራት አፌ እምቢ አለ። ደስታዋን ብታየው አንተም አትነግራትም ነበር።

ነገሩ በደንብ አልገባህ እንደሆነ ልንገርህ። የዩኒቨርሲቲ መምህራቸው ጥቂት ልጆች መርጦ ሁለተኛውን ሴሚስተር በሙሉ ባሌ ተራራ ላይ እንዲቀመጡ ነው ያሰበው። የሚማሩት እዚያው ሰው ቤት ገብተው፣ አብረው እየበሉ ነው። ገብሱ እንዴት እንደሚዘራ፣ ከብቱ የት እንደሚውል፣ ሽማግሌዎቹ ጠብ እንዴት እንደሚያበርዱ አይተው ይጽፋሉ። ከሴት የተመረጠችው ያንተ ልጅ ብቻ ናት። ክረምት ሲገባ ትመለሳለች።

ስለዚህ ዝም ብዬ ዝግጅቱን ቀጠልኩ። ጎረቤታችን ሾዴ መጥታ ገብሱን አብረን ቆልተን በሶ አስፈጨን። «ገብስ ወደሚበቅልበት አገር ገብስ ተሸክማ ትሄዳለች፤ ስድስት ኪሎ ያስተማሯት ይህን ነው?» እያለች ቀኑን ሙሉ ስታሾፍብን ዋለች። ለመኝታዋ ከሸጎሌ አጎዛ ገዛሁላት። በደንብ ሳይደርቅ ሸጠውልኝ ኖሮ ቤቱ በግ በግ ሲሸት ሰነበተ። ሹራብም ሠራሁላት። አንደኛው እጅጌ ከሌላው መርዘሙን ስታይ «ተራራውን ስወጣ ይኼኛው እጄ ቀድሞ ይደርሳል» ብላ እሱኑ ለብሳ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረች።

ያስቸገረን ቋንቋው ነው። ባሌ ሠርተህ የተመለስክ ጊዜ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ኦሮምኛ አይነገር» ማለትህን አልረሳህም። ልጅቷን ትምህርት ቤት ይስቁባታል አልክ። እናቴ ልትጠይቀን ስትመጣ እንኳ ጓሮ ወጥተን ነበር የምናወራው። አንተ እኮ እኔን ልታጭ የመጣህ ቀን በኦሮምኛ ቀልደህ አባቴን በሳቅ ያስለቀስክ ሰው ነህ። ግን ምን ልበል፣ እሺ አልኩ። ብርቄም አማርኛ ብቻ እየሰማች አደገች። አሁን መምህሩ ሰላምታ መስጠትና ራሱን ማስተዋወቅ ያልቻለ አይሄድም ሲል «እማዬ፣ አስተምሪኝ» ብላ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ትእዛዝህን ያፈረስኩት ያን ቀን ነው። ስንት ዓመት የዘጋሁት አፌ እንዲያ ሲፈታ እኔው ራሴ ገረመኝ።

በዚያ አገር እንግዳ ገና ከመቀመጡ የሚጠየቀው «እንተለ ኤኙቲ?» ተብሎ ነው፤ የማን ልጅ ነሽ? መልሱ ደግሞ በአባት ስም አያበቃም፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ መቁጠር ነው። «ብርቅነሽ ቶለሳ በይ» ስላት «ቶለሳ ማነው?» አለችኝ። አያቷ በዚያ ስም ስትጠራህ ሰምታ የቁልምጫ ስም መስሏት ኖሯል። ታረቀኝ የተባልከው ሥራ ስትገባ እንደሆነ ያን ቀን ነገርኳት። ሾዴ በመሀል ገብታ «አባትሽ ሁለት ስም አለው፣ ደመወዙ ግን አንድ ነው» ብላ አሳቀችን።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። አሁን ወደከበደኝ ነገር ልምጣ።

አብሯት የሚማር ቡሽራ የሚባል የዚያው ተራራ ልጅ አለ። ማረፊያ ያገኘላትም እሱ ነው፤ አክስቱ አይሻ ዘንድ ነው የምትቀመጠው። የቡሽራ አባትም የሚኖረው እዚያው እህቱ ቤት ነው። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ቋንቋውን ያለማምዳታል። ጨዋ ነው፤ የእኛን ሥጋ ስለማይበላ ሽሮ እሠራለታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ «ሽማግሌ ሲናገር ዝም ብለሽ አትቀመጪ» ይላታል። «በየመሀሉ ኤ፣ ኤ እያልሽ ስሚ። ዝም ካልሽ ናቀችኝ ይላል።»

«ኤ ማለት አዎ ማለት አይደል እንዴ?»

«ነው። እዚያ ላይ ግን እየሰማሁህ ነው ማለት ነው። የምትለውን ተቀብያለሁ ማለት አይደለም።»

«እኛም ቤት እንዲሁ ነበር» አልኩ ከምድጃው አጠገብ ሆኜ።

ከዚያ ብርቄ «አባቴም እኮ አገራችሁን ያውቀዋል» ብላ ጓዳ ገባችና ያንን ፎቶ አወጣችለት። ባሌ ሳለህ ከትልቁ ዛፍ ሥር ከዳኛው ጎን ቆመህ የተነሣኸውን። ልጁ ፎቶውን ተቀብሎ አየ፣ አየና ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«ምነው ልጄ፣ ጨው በዛበት?» አልኩት።

«የለም፣ እማማ።» ከዚያ ወደ ብርቄ ዞሮ «እኚህ አባትሽ ናቸው?» አላት።

«አዎ፣ አስተርጓሚ ነበር። ታውቀዋለህ?»

«ልጅ ነበርኩ። ዛፉ ከቤታችን በላይ ነው ያለው።»

እኔ ነኝ ንገረን ብዬ የወተወትኩት። በንዴት አልነበረም የነገረን፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ቃሉን እየመረጠ ነው።

«አባቴ የመሬት ለኪዎቹን ችካል ነቅለሃል ተብሎ ተከሰሰ» አለ። «ክሱ ሲነገረው እንደወጉ ኤ፣ ኤ እያለ አዳመጠ። ሲጨርሱ ተነሥቶ መናገር ጀመረ። መሬቱ ከማን ለማን እንደመጣ፣ ድንበሩ የት እንደሆነ፣ ችካሉን ጎርፍ እንደወሰደው፣ ሁሉንም ተናገረ። ፀሐይ ዞራ ጥላው እስኪለቀን ተናገረ። አባትሽ ወደ ዳኛው ዞር ብለው አንድ ቃል አሉ። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አማርኛ ስማር ነው።»

«ምን ነበር?» አለች ብርቄ።

«አምኗል።»

መሬቱ ተወሰደ፣ ሰውየው ታሰረ። ሲፈታ የሚገባበት ስላልነበረው እህቱ ቤት ገባ።

ብርቄ ፎቶውን ከእጁ ተቀበለችና ደረቷ ላይ ገልብጣ ያዘችው። «አባቴ የእነሱን ኤ አላወቀው ይሆናል» አለች። ይህን ያለችው ለእሱ ነው፤ የምታየው ግን እኔን ነበር።

አንተ ከቁስቋም ሥር ተወልደህ፣ ሽማግሌ ሲናገር ኤ ስትል ያደግህ ሰው ነህ። «ሽሮ ልጨምርላችሁ» ብዬ ተነሣሁ።

ልሸኘው ስወጣ ቡሽራ በሩ ላይ ቆሞ «እማማ፣ እኔ ለአባቴ አልነግረውም። ቤቱም የአክስቴ ነው፣ ትምጣ» አለኝ። «ግን የማን ልጅ ነሽ ማለቱ አይቀርም።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም የለኝ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ብርቄን «የእኔን አባት ስም ጥሪ። የኡርጌሳ ልጅ ነኝ በይ። አያትሽ ነው፣ አሳድጎሻል፣ ሐሰት የለበትም» አልኳት።

«ሴሚስተሩን በሙሉ የሰው እህል እየበላሁ አባቴን ልደብቅ?»

«አትደብቂውም። ካልጠየቁሽ ሌላውን አትናገሪም፣ በቃ።»

መንገዱ ላይ ቆም አለችና «እማዬ፣ አንቺም እንደ አባቴ ልታሳጥሪኝ ነው?» አለችኝ።

ቤት ስንገባ ያንተን ሁለት መስመር ከመሶቡ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። «ታማለች በይ ይላል» አለች። «እንግዲያው ያውቃል ማለት ነው።» ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና አጎዛዋን መጠቅለል ቀጠለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ትሄዳለች፣ ታረቀኝ። ሰኞ ከአውቶቡስ ተራ ትነሣለች። ታማለች ብዬ ለመምህሯ አልናገርም። የማን ልጅ ነሽ ሲሏትም ብርቅነሽ ቶለሳ ነኝ ትላለች። ቶለሳ የቱ እንደሆነ ከጠየቋት ያ አስተርጓሚው ልትል ቆርጣለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሏት አላውቅም። ቡሽራ እንግዳ አይነካም ይላል። እንደማይነኳት እኔም አምናለሁ። ግን ያንን ሁሉ ወር አንገቷን ደፍታ እንድትኖር ነው ወይስ እንደ ሰው ቀና ብላ፣ እሱ ነው የሚያስጨንቀኝ።

እኔ አልፈርድብህም። ዳኛው አጣድፎህ ይሆናል፣ ፈርተህም ይሆናል፤ እዚያ አልነበርኩም። ብርቄ ያኔ ገና ትንሽ ነበረች፤ ያን ደመወዝ እኔም እሷም በልተነዋል። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ቋንቋችንን ከቤት ያስወጣኸው በእኛ አፍረህ መስሎኝ ነበር። በእናቴ፣ በእኔ አነጋገር ያፈርክ መስሎኝ ስንት ዓመት በሆዴ ይዤብህ ኖርኩ። አሰብ የሄድከውም ከእኛ ልትርቅ መስሎኝ ነበር። ለካ ነገሩ ሌላ ኖሯል። ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ምን እልህ እንደነበር አላውቅም፤ ግን ብቻህን አትሆንም ነበር።

ፋሲካ ፈቃድ አለህ። ዘንድሮ ጉለሌ አትምጣ። እኔም በግ አልገዛም፣ ሾዴ ቤት እፈስካለሁ። ዓምሃ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሣጥን ውስጥ የነበረውን ወፍራሙን ካፖርትህን ይሰጥሃል። ለአሰብ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ቡሽራ እንደሚለው አባቱ ያን ቀን ከዛፉ ሥር የተናገረውን ዛሬም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይናገረዋል። ለብርቄም መናገሩ አይቀርም። እሷም ትሰማዋለች፤ ግን ኦሮምኛዋ ገና ነው፣ ብዙው ያመልጣታል። አንድም ሳያስቀር የሚተረጉምላት ሰው ያስፈልጋታል።

የቁስቋሟ እመቤት መንገዱን ታቅናልህ፣ አንደበትህንም ትፍታልህ። ተራራው ላይ ደረትህን ሸፍን።

ሁልጊዜ የማስብህ ባለቤትህ
ጌጤ ኡርጌሳ