ለኮንካን አራተኛ

ኅዳር 2፣ ረቡዕ

ጠዋት አጠብኩ፣ ከሰዓት ተኮስኩ። አስር ሰዓት ላይ የእመቤቴ የሲት ሉጥፊያ የካርታ እንግዶች መጡ። ሁለት ብቻ፤ አሮጊቷ ጎረቤት ሀጃ ዘምዘምና የጥርስ ሐኪሙ ሚስት። አራተኛዋ መደኒ ከተማ ሄዳለች። ሲት ሉጥፊያ ከሳሎን ጠራችኝ።

"ያ ሀጀራ፣ እጅሽን አድርቀሽ ነይ። ኮንካን ለሦስት አይጥምም።"

አላውቅም አልኩ። ሀጃ ዘምዘም ሳቁ። "ሩዝ ስትለቅሚ አይደል የምትውይው? ያው መልቀም ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ።"

ያሳዩኝን እንዳልረሳ... ሁለት ሙሉ እሽግ ካርታ አንድ ላይ ይበወዛል። ለእያንዳንዱ ሰው አስራ አራት ይታደላል። በተራ አንድ ማንሳት፣ አንድ መጣል። ሦስትም አራትም እያደረጉ ማዛመድ ነው፤ ወይ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ወይ የአንድ ቤተሰብ፣ ልብ ከልብ ጦር ከጦር፣ ተከታታይ። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ሲወረድ፣ የተዘረጋው ድምሩ ሃምሳ አንድ መሙላት አለበት። ባለ ሥዕሎቹ አስር አስር ናቸው። በተራ ከፊት ያለችው የጣለችውን ማንሳት የሚቻለው ወዲያው ለመውረድ ብቻ ነው። እጇ ላይ ያለውን ቀድማ የጨረሰች ታሸንፋለች።

ሦስት ጊዜ ተሸነፍኩ። ወደድኩት ግን።

ኅዳር 4፣ ጁምዓ

ማዮ ሰፈር፣ እህቴ ሬሕማ ዘንድ ዋልኩ። የጋብቻዋ ውል፣ ኒካሑ፣ ለመጪው ጁምዓ ተቆረጠ። እናት አባት የለንም። ወንድማችን ሀሰን ከወሎ መምጣት ስለማይችል ኒካሑን ለሚያስሩት ሼኽ ውክልና ልኳል። የባሏ ወገን ሃያ ሰው ይዞ ይመጣል። ከእኛ ወገን እኔ ብቻ።

"አንቺ ከቀረሽ ከሜዳ የተለቀመች ይሉኛል" አለች።

ለምን እቀራለሁ? ጁምዓ የራሴ ቀን ነው። ስቀጠር የተነጋገርነው ነው።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ

ሲት ሉጥፊያ ማድ ቤት ድረስ መጣች። በሩንም ዘጋች።

"ነገ በተራ ከእኔ ፊት ትቀመጫለሽ። ጆሮዬን ከነካሁ ቀይ ልብ ጣይልኝ። አንገቴን ከነካሁ ጥቁር ጦር።"

እስኪገባኝ ቆየሁ... በጨዋታው ጓደኞቿን ልታጭበረብር ነው። በእኔ እጅ።

"ሲቲ፣ ይሄን አልችልም።"

"ጁምዓ ኒካሕ አለሽ አይደል? መሄድ ከፈለግሽ እንግዲህ ቻይዋ።"

ሦስት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ሥር የወደቀ ወርቋን እያነሳሁ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስወጣ ግን ቦርሳዬን ትፈትሻለች። አሁን ለሌብነት ስትፈልገኝ ታመንኩ? የተቀጠርኩት ለወለሉና ለድስቱ ነው። ደግሞ የምትከፍለኝ በራሴ ጁምዓ።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

ከእሷ ፊት አስቀመጠችኝ። በወዲያ በኩል ሀጃ ዘምዘም። ካርታው በእጄ አልያዝ ሲለኝ አሮጊቷ ሊያሳዩኝ ዘንበል አሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። "እንደዚህ ዘርጊያቸው። እኔ አላየሁም" አሉ። ካርታዬን ላለማየት... ያን ጊዜ አፈርኩ።

በአራተኛው ዙር ሲት ሉጥፊያ ጆሮዋን ነካች። የልብ ስምንት በእጄ ነበረ። ሌላ ጣልኩ። ደግማ ነካች። ሌላ ጣልኩ።

"ጆሮሽን ምን በላው?" አለች የሐኪሙ ሚስት።

"ትንኝ ነው" አለች።

ቀጥሎ የልብ ዘጠኝ አነሳሁ። ወረድኩ። ልብ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር፤ ሠላሳ አራት። ሦስት ንጉሥ፤ ሠላሳ። ስድሳ አራት። ሀጃ ዘምዘም በጣታቸው ደምረው "ሐላል" አሉ። ከሁለት ዙር በኋላ የቀረውንም ጨረስኩ። ሲት ሉጥፊያ አንዴም ሳትወርድ ተያዘች። እንዲህ የተያዘች መቶ የቅጣት ነጥብ ይጻፍባታል። ተጻፈባት።

እንግዶቹን ሸኝታ ተመለሰች። "ጁምዓ የለም። ምንጣፎቹን ታጥቢያለሽ። ኸላስ፣ አለቀ።"

ኅዳር 10፣ ሐሙስ

ልለምናት ሁለት ጊዜ እስከ ሳሎኑ በር ሄድኩ። የራሴን ቀን ነው የምለምነው? ተመለስኩ።

ኅዳር 11፣ ጁምዓ

ምንጣፎቹን ከንጋት በፊት አጠብኩ። ሥራዬ ነዋ። አጥሩ ላይ አሰጣኋቸው። ከዚያ ልብሴን ቀየርኩ፣ ዕቃዬን ሁሉ የከተትኩበትን ቦርሳዬን ይዤ ሳሎን ገባሁ።

"እህቴን ልድር ነው" አልኩ።

"ከወጣሽ አትመለሽም።"

"ሰምቻለሁ።"

ቦርሳዬን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት፣ እንደ ልማዷ እንድትፈትሽ። አልነካችውም። ዘግቼ ወጣሁ። እስከ ጃብራ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ንዴቱ አልበረደልኝም።

ማዮ ስደርስ የባሏ ወገን ግቢውን ሞልቶታል። ሬሕማ በጨርቅ በተጋረደው በኩል ብቻዋን ተቀምጣለች። ፊቷ ጠቁሯል። ሼኹ ወረቀቱን ዘርግተው፣ "ከሙሽራዋ ቤተሰብ የመጣ ሰው አለ?" ሲሉ ገና ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር።

"እኔ አለሁ፤ ታላቅ እህቷ" አልኩ፣ ሃያውም እንዲሰሙ አድርጌ።

ዛሬ የማድረው እዚሁ ማዮ፣ ጎረቤት ቤት ነው። ወደ ባሏ ቤት ሊወስዷት ሲሉ ሬሕማ ቦርሳዬን አየችው። ከሥራ መውጣቴ ገባት።

"ነገስ?" አለችኝ፣ በጆሮዬ።

"ነገማ ቅዳሜ ነው። ሂጂ፣ እየጠበቁሽ ነው" አልኳት።