መጨረሻውን ስላልተማርነው ዜማ

ለተከበሩ መምህር ሔኖክ
የ«ጃዝ ጊታር በአማርኛ» የኢንተርኔት ትምህርት መሥራችና ብቸኛ አስተማሪ
ዋይት ሲቲ፣ ለንደን

ጤናዎ፣ ጣቶችዎና ካሜራዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ በቶተንሃም ያለን ተማሪዎችዎ ከጉልበትና ከወገብ በቀር ደኅና ነን።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት። እኛ ሦስት ጡረተኞች አንድ ዜማ መጀመር ከእርስዎ ተምረናል፤ ማቆም ግን አልተማርንም። ይህንኑ ዜማ ጁን አሥራ አራት ቀን፣ ክላፋም በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ለአቶ ተክለአብ ልንጫወትላቸው ቀጠሮ ይዘናል። በማግስቱ ልጃቸው ወደ በርሚንግሃም ትወስዳቸዋለች።

እኔ ሐረገወይን እባላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወደዚህ ከተማ መጥቼ፣ በአንድ ትምህርት ቤት በረዳትነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዕድሜ ልጄ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ያስተማረኝን ሰው አንተ ማለት ስላልለመድኩ በዚህ ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንቱ እንደተባሉ ይቆያሉ። አቶ ገብረሚካኤል የአሥመራ ሰው ናቸው፤ ክላርኔት ይነፋሉ። ጓደኛዬ ተናኘወርቅ ከበሮ ትመታለች። ጊታሩ የአቶ ተክለአብ ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ ቀኝ እጃቸውንና አብዛኛውን ንግግራቸውን ሲወስድባቸው፣ ጊታሩን በግራ እጃቸው ወደ እኔ ገፉት። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም፤ መስጠትም አይችሉም ነበር። እኔም በዕድሜዬ ጊታር ይዤ ስለማላውቅ እርስዎን ፈልጌ አገኘሁ።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ደፋር ሆኜ አይደለም። በቪዲዮዎችዎ ግርጌ አሥራ አንድ ጊዜ ጥያቄ ጽፌ፣ አሥራ አንዱንም ጊዜ በቀይ ልብ ሥዕል መልሰውልኛል። በማስተማር ዘመኔ አንድ ተማሪ ስድስት ሲባዛ በሰባት ስንት ነው ብዬው ልብ ሥሎ ቢያሳየኝ ኖሮ ወላጅ አምጣ እለው ነበር። የእርስዎን ወላጆች አድራሻ ስላላገኘሁ፣ የኮሚኒቲያችን መጽሔት ይህችን ገጽ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። ቅሬታዎቼን እንደ ልማዴ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ካሜራው። «አሁን ጣቶቼን ልብ ብላችሁ እዩ» በሚሉበት ጊዜ ሁሉ ካሜራው ፊትዎን ያሳያል። ፊትዎ መልካም መሆኑን እመሰክራለሁ፤ በአራተኛው ትምህርት ጢምዎን ማሳጠርዎን፣ በሰባተኛው መልሰው ማሳደግዎን በደብተሬ አስፍሬአለሁ። ሲ ማይነር ሰባት በሚባለው ኮርድ ላይ ሦስተኛው ጣት የት እንደሚያርፍ ግን እስከ ዛሬ በግምት ነው የምኖረው።

፪. ስለ ዘጠነኛው ትምህርት። በዚህ ትምህርት አሥራ ስድስት ባር፣ ማለትም አሥራ ስድስት የምት ክፍል፣ የሚሆን ሶሎ ብቻዎን ተጫውተው «ይህን እንዳለ ያዙት» ብለው አዘዙን። እኔ እንዳለ ያዙ ሲባል እንዳለ የምይዝ ሰው ነኝ፤ ያደግነው አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ነጥብና ጭረቱ ሳይቀር እየገለበጥን ነው። አሥራ አንደኛው ባር ላይ ሲደርሱ ጨዋታውን ገታ አድርገው፣ ወደ ግራ ዞር ብለው «መጣሁ» አሉና ቀጠሉ። ይህንንም ገለበጥኩ። ሁለት ምት ዝምታ፤ ወደ ግራ መዞር፤ «መጣሁ»። በሁለተኛው ትምህርት ጃዝ ማለት ጭውውት ነው ብለውን ነበር፤ በአገራችንም ተጫዋች በመካከል ቃል ጣል ማድረጉ የተለመደ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም። ሦስታችንም አጠናነው። ለፋሲካ ግብዣ በኮሚኒቲያችን አዳራሽ ስንጫወት፣ አቶ ገብረሚካኤል ክላርኔታቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ ሦስታችንም ባንድነት ወደ ግራ ዞረን «መጣሁ» አልን። ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ እታፈራሁ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ማንም አልጠራችሁ» ቢሉን አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ቪዲዮውን መልሰው ያዩት አቶ ገብረሚካኤል ናቸው። «ሐረጉ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ በር ላይ ለቆመ ፖስተኛ ነው የመለሰው» አሉኝ። አሁን ልንተወው ብንሞክርም፣ ተናኘወርቅ ከበሮዋን የምታስገባው «መጣሁ» ስትሰማ ብቻ ሆኗል። ፖስተኛው ያመጣልዎ ዕቃ ይባረክልዎ።

፫. «የተሰማችሁን ተጫወቱ» ስለሚለው መመሪያ። እኔን የሚሰማኝ የግራ ትከሻዬ ነው። ሌላ የሚሰማኝን ስጫወት ደግሞ በየትኛውም ኮርድ ብጀምር ከአራት ደቂቃ በኋላ ትዝታ ቅኝት ውስጥ እገኛለሁ። ይህ ስሕተት ይሁን ውጤት እርማት የሰጠኝ የለም።

፬. ስለ አሥራ አምስተኛው ትምህርት። አሥራ አራተኛውን የደመደሙት «ዜማውን እንዴት እንደምንጨርሰው በሚቀጥለው ሳምንት እናያለን» ብለው ነው። ያ የሚቀጥለው ሳምንት ስምንት ወር ሆኖታል። በመካከሉ ሥራ ፈትተው እንዳልተቀመጡ አውቃለሁ፤ አዲስ የጊታር ቦርሳ ከካርቶን ሲወጣ አይተናል፣ ቁርስ ሲበሉ አይተናል፣ የተከታዮችዎን ብዛት ሲያመሰግኑ አይተናል። እኛ ግን መጫወት ከጀመርን አናቆምም። አቶ ገብረሚካኤል ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያርፋሉ፣ እኔ እቀጥላለሁ፣ እሳቸው ተመልሰው ይገባሉ፤ አዳራሹን የሚዘጋው ሰው ቁልፉን እስኪያንቃጭልብን ድረስ እንዲሁ እንዞራለን።

ሌላ አስተማሪ ፈልጉ ይሉን ይሆናል። ዜማው ግን የአቶ ተክለአብ የራሳቸው ነው፤ በወረቀት አላሰፈሩትም፤ ከእሳቸው ሌላ መጨረሻውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው በመጀመሪያው ትምህርቱ «ይህን ያስተማሩኝ የቶተንሃም አባት አሉ» ብሎ የተናገረው ነው። እርስዎ የአቶ ተክለአብን ስም ለምን እንደዘለሉት አልጠይቅም፤ ቪዲዮው እንዳይረዝም ይሆናል። የቦርሳው ቪዲዮ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው።

ባለፈው ወር ክላፋም ሄደን በፊታቸው ሞከርነው። መጨረሻው መሆን ያለበት ቦታ ስንደርስ ግራ እጃቸውን አንስተው በአየር ላይ ያሳዩን ጀመር፤ ወደ ታች፣ ቆም፣ እንደገና ወደ ታች። አልገባንም። ተናኘወርቅ ውኃ ጠምቷቸው ነው ብላ ብርጭቆ አቀረበች። አቶ ገብረሚካኤል መስኮት ከፈቱ። እኔ ጊታሩን እንደያዝኩ እየደጋገምኩ ነበር። በመጨረሻ እጃቸውን አውርደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ጥያቄ ያልገባው ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ መልሱን ይዞ መናገር ያቃተው አስተማሪ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ስል ውለታዎን ዘንግቼ አይደለም። በሰባ ዓመቴ ጣቶቼ የማያውቁትን ሥራ አስተምረዋቸዋል። በትምህርቱ ዝርዝር ውስጥ ሳይኖር ትዕግሥትንም ጨምረውልኛል። ከየትምህርቱ በፊት የሚመጣውን የፍራሽ ማስታወቂያም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ እሱ ቢያንስ መጨረሻ አለው።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣ ከአሥራ አራቱ ትምህርቶች አንዱም ያላመለጣት፣ ደብተሯን በማንኛውም ሰዓት ለእርማት ለማቅረብ ዝግጁ የሆነች ታዛዥ ተማሪዎ

ሐረገወይን
ቶተንሃም

ማስታወሻ፦ በአረጋውያን መኖሪያው መግቢያ ላይ ጠያቂ ሁሉ የሚፈርምበት መዝገብ አለ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቼክ አድርጌዋለሁ፤ ስምዎን አላገኘሁትም። ቸኩለው ሳይፈርሙ ገብተው ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቸኩለው ሳይሄዱ ቀርተው ከሆነ፣ ከሰፈርዎ እስከ ክላፋም ባቡር ሳይቀይሩ ይደርሳሉ፤ ከምሳ በኋላ በየቀኑ ጠያቂ ይቀበላሉ፤ እሳቸውም ሰው በር ሲከፍት ሁልጊዜ ቀና ብለው ያያሉ። መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠው መጨረሻውን ቢያሳዩን፣ ትክክል መሆኑን በግራ እጃቸው ያርሙልዎታል። ከጁን አሥራ አራት በኋላ የሚደርስ መልስ ክላፋም አያገኛቸውም። ስለዚህ ይመጡ እንደሆነ፣ አይመጡም እንደሆነ፣ በቶሎ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።