ጠንቋይ ሆኜ መርሳ ገባሁ

ማህድዬ፣
ስለ ጠንቋይዋ ልጃገረድ የጻፍሽውን ልብ ወለድ ከወልድያ ወደ መርሳ ስነሳ ሚኒባስ ውስጥ ጀመርኩት። ጀግናሽ በአሥራ ሰባት ዓመቷ የጎንደር ንጉሥ ፊት ቆማ «አዎ፣ ጠንቋይ ነኝ!» ትላለች፤ ጸጉሯንም ነፋስ ያወዛውዘዋል። እሺ ይሁን።

ሲሪንቃን እንዳለፍን አጠገቤ ዘሀራ የምትባል ሴት የታቀፈችውን ሕፃን አየሁና «ዓይኑ ሲያምር!» አልኩ። ማሻአላህ ማለት ረሳሁ። ዘሀራ ዓይኔ እንዳይበላው ልጁን ወዲያው በሻሿ ሸፈነችው። ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወት ገላመጠኝ። አዲስ አበባ ቢሆን እናትየው ደስ ብሏት ስልኳን አውጥታ ሌላ ፎቶ ታሳየኝ ነበር። እዚህ ግን ከኋላ አንዲት አሮጊት «እትፍ በይበት እንጂ ልጄ፣ አፍሽን ምን ዘጋው!» ብለው ተቆጡኝ።

እንደ ጠንቋይ ከታየሁ አይቀር እንደ ጀግናሽ መኩራት ነበረብኝ አይደል? ነፋስ የለም፤ መስኮቱም አይከፈትም። «ማሻአላህ! እትፍ! እትፍ!» አልኩ፤ አንድ እትፍም ማንም ሳይጠይቀኝ መረቅሁ። ዘሀራ ሳቀችና ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። «የምን መጽሐፍ ነው የምታነቢው?» አለችኝ። «የሒሳብ» አልኩና ተቀመጥኩበት።

የወረቀቱ ቦታ አለቀ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ንጉሥ ፊትማ ማንም ይኮራል፤ ጀግናሽን እስቲ አንድ ቀን ዘሀራ አጠገብ አስቀምጫት።

እየሩስ