አዲስ አበባ የት ልደር

ሰኞ፣ የካቲት

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ሽሮዬንም ራሴ እሠራለሁ። ከደብረ ታቦር ገበያ እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ። ሽንቴን መያዝ ግን አቃተኝ። ይኸው ጻፍኩት። እዚህ ካልጻፍኩት ለማን እነግራለሁ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ይኼ የሚታየው አዲስ አበባ ነው ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። መታየቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ማደሪያው ነው። ልጄ እናኑ ከባሏ ጋር እዚያ ናት። ቤታቸው አንድ ክፍል፣ ሽንት ቤቱ ከአልጋቸው ራስጌ። የሚስቴ ወንድም ሞላም እዚያ አለ። እሱ ዘንድ ደግሞ እንግዳ አይጠፋም፣ ሳሎኑ ውስጥ ሰው ተደርድሮ ነው የሚያድር። ከተማው ማለቂያ የለውም አሉ። ከእናኑ ቤት ሐኪም ቤቱ ሁለት ታክሲ ነው። መንገድ ላይ ቢመጣብኝስ?

ማክሰኞ

ቆረጥኩ። ሐኪም ቤቱ አጠገብ አልጋ ቤት ይዤ አድራለሁ። ዘመድ ባለበት ከተማ አልጋ መከራየት በእኛ አገር ስድብ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ለእናኑ ደውዬ አጎትሽ ቤት ነው የማርፈው አልኳት። ለሞላ ደውዬ ልጄ ቤት ነው አልኩት። ሁለቱም ቅር አላቸው፣ ግን አመኑ። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

ከጎረቤቴ ከሰይድ ሱቅ ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ ገዛሁ። ለምን ፈለጉት ቢለኝ ለገብስ መሸፈኛ አልኩ።

"ገብስዎ ጎተራ ከገባ ስንት ጊዜው፣ አያ ደሴ። ጎተራዎ ያፈሳል እንዴ?"

አብሬው ሳቅሁ። ቤቴ እስክገባ ፊቴ ይፋጅ ነበር።

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። እናኑ ለአጎቷ ደውላ፣ አባቴ አንተ ዘንድ ሲያርፍ የጾም ወጥ ሠርቼ ላምጣ ወይ ትለዋለች። እሱ፣ አንቺ ዘንድ አይደለም ወይ የሚያርፈው ይላታል። ከዚያ ወደ እኔ ተደወለ። ሞላ ብዙ አልተናገረም። እህቴ ስትሞት እኛንም አብረህ ቀበርከን አለኝና ዘጋው።

እናኑ አለቀሰች። "አባዬ፣ በባሌ ነው? ድሃ ነው ብለው ንቀውት ነው?"

አይደለም አልኳት። ታዲያ በምንድን ነው አለች። እውነቱን ከምነግራት ባሌን ንቆብኛል ትበል ብዬ ተውኩት። ምንም ያላጠፋ ሰው በእኔ ገመና ተናቀ።

ሐሙስ

ባሏ ታዬ ራሱ መጣ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ድንች ሊጭን ወደ እኛው ጉና ተራራ ይመላለሳል። ነገ ጭኖ፣ ቅዳሜ እኔን ጋቢና አስቀምጦ ሊወስደኝ ነው። እናኑ ናት ያዘዘችው። አልሄድም አልኩት።

"እሺ፣ አይሂዱ። እኔ ግን ማደሪያ የለኝም" ብሎ ቁጭ አለ።

አማች መጥቶ አልጋ ቤት ሂድ አይባል። የእኔም ቤት አንድ ክፍል ናት። መደቡ ላይ አነጠፍኩለት። ላስቲኩ ከሣጥን አልወጣም፣ እሱ እያየ እንዴት አውጥቼ። ከቀን ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም። እንግዲህ እግዜር ያውቃል።

ዓርብ

አልሆነም። ሊነጋጋ ሲል ረጥቤ ነቃሁ። ልብሴን ለውጬ አልጋዬን በጋቢ ሸፈንኩና ልሳለም ብዬ ወጣሁ። ታዬ ሲሄድ አጥበዋለሁ ብዬ ነው።

ስመለስ ፍራሼ ፀሐይ ላይ ነው። አንሶላዬ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ከጎኑ ታዬ ከመኪናው አምጥቶ ለብሶት ያደረው ብርድ ልብስ፣ ደህና ደረቅ የነበረው፣ ውኃ ተነክሮ ይንጠባጠባል።

ሰይድ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ የምን አጠባ ነው ብሎ ቆመ።

"ማታ ጄሪካኑን በእግሬ መትቼ ቤቱን ሁሉ አራስኩት" አለ ታዬ። "አባባ እስካሁን ይቆጡኛል።"

"መኪናውንም እንዲህ ከሆነ የምትነዳው፣ አያ ደሴን አደራ" ብሎ ሰይድ ሳቀበት። ታዬም አብሮ ሳቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሰይድ ሲሄድ ታዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናኑ ከእኔ አትሰማም። እኔ እኮ ንቀውኝ መስሎኝ ነበር። ይኼ ከሆነስ እፎይ" አለኝ።

ድንቹን ጭኖ አመሻሽ ላይ ተመለሰ። ላስቲኩን አወጣሁና እሱ እያየ ፍራሼ ላይ አነጠፍኩ። በወዲያ በኩል ጫፉን ያዘልኝ።

ነገ እሄዳለሁ። የማድረው እናኑ ቤት ነው። የውሸቴን ዕዳ ግን ማንም እንዳይከፍልልኝ። ሞላ ቤት ራሴ ሄጄ ይቅር በለኝ እላለሁ፣ አንድ ሌሊትም እሱ ዘንድ አድራለሁ። ለሰይድ ጄሪካን የደፋ ሰው የለም እላለሁ፣ ስመለስ። የታዬን ብርድ ልብስ ሲደርቅ እኔው አጥፌ አስረክባለሁ። ለእናኑ እውነቱን፣ ከአፌ። እሱን ከየት እንደምጀምረው ገና አላወቅሁም።