ስለ ሰባት ቁጥር ኮምፒውተርና ማኅተም ስላለበት ደብተር

ድሬዳዋ፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገብረ መድኅን፣ ከዚራ ሰፈር ለሚገኘው የኮምፒውተር ማሰልጠኛችን ኃላፊ

ይህን ለመጻፍ ከዓርብ ጀምሮ ፈርቻለሁ፤ አሁንም እየፈራሁ ነው። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ፣ ማለት ያለብኝን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌ እርስዎም ሌላውም ሰው እንዲያነበው መርጫለሁ። ሰባት ቁጥር ኮምፒውተርን የነካሁት እኔ ነኝ። አብራኝ የምትሰለጥነው ኪንሲ አይደለችም።

ከሁሉ በፊት ግን እንደምን ሰነበቱ። ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ኤርኮንዲሽነር ያለማቋረጥ እንዲሠራ ከልብ እመኛለሁ፤ የእኛ ክፍል ቬንቲሌተር ከየካቲት ጀምሮ ስለቆመ በእሱ ልመርቅዎ አልደፍርም።

አንደኛ፣ ስለ ስክሪኑ ላመስግንዎ። ለሌሎች አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ የምንለማመደው በኮምፒውተሩ ውስጥ በፕሮግራም በተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። ውስጠኛውን ብናበላሸው ውጪኛው አይነካም፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ውስጠኛው መዳፍ በምታክል መስኮት ብቻ መታየቱና አልሰፋ ማለቱ ነበር። መምህራችን ሃሺ ይህንን ሲያመለክቱ እርስዎ ትልልቅ ስክሪኖች አስመጥተው፣ ሪባን ቆርጠው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። መስኮቷ ግን ያው ናት፤ በሰፊ ትሪ መሃል የተረሳች አንዲት ሳምቡሳ መስላ ተቀምጣለች። ዙሪያዋ ያለውን ጥቁር ባዶ ቦታ በዚህ ጥራት እንድናይ ስላደረጉን ሁላችንም እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ደብተሩ። ውጪኛው ላይ ኮፒ ያደረግነው ጽሑፍ ውስጠኛው ላይ ፔስት አይሆንም። እርስዎም መፍትሔ ሰጡን፤ በየገጹ ማኅተም ያረፈበት አንድ ደብተር፣ ለአሥራ ሁለት ሰው። ከውጪኛው አይተን በእስክሪብቶ ደብተሩ ላይ እንጽፋለን፣ ከደብተሩ አይተን ውስጠኛው ላይ እንተይባለን። ሁለተኛ ደብተር ሲጠየቁ «ማኅተም እንደ ከረሜላ አይበተንም» ማለትዎን ሰምተናል። በዚህ ሙቀት የአሥራ ሁለት ሰው ላብ የጠጣ፣ በምራቅ የሚገለጥ፣ ጠርዙ የጠቆረ ደብተር ነው። በነካሁት ቁጥር ይቀፈኛል፤ ቤት ገብቼ ሁለቴ በሳሙና ታጥቤ እንኳ ሽታው ከጣቴ አይለቅም። ባለፈው ወር ፈተና አርባ የዕቃ መለያ ቁጥሮችን በዚህ መንገድ አሻግረን ዘጠኛችን ወደቅን። ኪንሲና እኔ ከዘጠኙ ውስጥ ነን። የነገው ድጋሚ ፈተና የመጨረሻው ነው፤ ኪንሲ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጋዘን ውስጥ የተነገራትን ሥራ የምታገኘው ሰርተፍኬቱን ከያዘች ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ሐሙስ ዕለት የሠራሁትን ልናገር። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ቢሆንም የፕሮግራሙን የእገዛ ገጽ ቀስ ብዬ አነበብኩት። መስኮቷ የማትሰፋውም፣ ኮፒው የማይሻገረውም በአንድ ምክንያት ነው፤ ውስጠኛውን ከውጪኛው ጋር የሚያግባባው ተጨማሪ ፕሮግራም አልተጫነም። ከሜኑው ጫንኩት። የይለፍ ቃል ሲጠይቀኝ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሮ አገኘሁት። አጥፍቼ አስነሣሁት፣ የኮፒውን መተላለፊያ በሁለቱም አቅጣጫ ከፈትኩ፤ መስኮቷ ስክሪኑን ሞላች። ኪንሲ ከውጪ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋ ውስጥ አስገባችና «ወላሂ ናዲፋ፣ ዝም የምትዪው ለካ እያሰብሽ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ እርስዎ እንግዶች አስከትለው ገቡ። ከሌሎቹ የተለየውን ሰባት ቁጥር አይተው «ማነው ይህን ያበላሸው?» ብለው ጠየቁ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ኪንሲ ነበረች። አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ። እሷም ስሜን ሳትጠራ ቀረች። መምህር ሃሺ «አቶ ገብረ መድኅን፣ ይኼ እኮ ተስተካክሎ ነው» ቢሉዎት፣ «በማን ፈቃድ ተስተካከለ?» አሉ። ኮምፒውተሩ ወደ ቀድሞው እንዲመለስ አዘዙ፤ ኪንሲን ከነገው ፈተና አገዱ።

ደብተሩ ያስጠላኛል። የሚሠራን ነገር አስፈርሶ ሥርዓት አስከበርኩ ማለት ይበልጥ ያስጠላኛል። ከሁሉም በላይ የሚያቅለሸልሸኝ ግን የዚያን ዕለት ዝምታዬ ነው፤ እሱን በእርስዎ ላይ አልጭንም፣ የራሴ ነው።

ሰባት ቁጥርን ከመሥራት ለታደጉልን ክቡርነትዎ፣ በየቀኑ ከመጋላ ሰፈር ደረቁን ወንዝ ተሻግራ ከምትመጣው፣ ከስም መቆጣጠሪያው ውጪ ከማያውቋት ሰልጣኝዎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር

ናዲፋ በሺር

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፦ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ የጻፍኩት ውስጠኛው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ከዚያ የሚያወጣው መንገድ ስለሌለ በደንብዎ መሠረት በእጄ ደብተሩ ላይ ገለበጥኩትና ገጾቹን ገንጥዬ ለጠፍኳቸው። ስለዚህ ማኅተምዎ በየገጹ ግርጌ ስላለ፣ ያለ ፈቃድ የተለጠፈ ነው ብሎ የሚያነሣው ሰው አይኖርም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከኪንሲ ጋር በፈተናው ክፍል በር ላይ እቆማለሁ። እዚህ የጻፍኩትን ሁሉም እየሰማ በአፌ እደግመዋለሁ። እሷ ካልገባች እኔም አልገባም።